ሰው የተቀመጠበት ባዶ ወንበር

ወንድሜ ከሞተ በኋላ የፈራሁት መልኩ እንዳይጠፋብኝ አልነበረም። መልኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ትወለውለዋለች። የፈራሁት ለድምፁ ነው። አውቶቡሱ ሲገለበጥ ስልኩ አብሮት ተሰባብሯል፤ ድምፁን ቀድቶ ያስቀመጠም ሰው የለም። ማን ይቀዳዋል? ሲያወራ የሚውል፣ ሲያወራ የሚያመሽ ሰው ነበር። ቧንቧው ሳይቋረጥ በባልዲ የሚያጠራቅም ማን አለ?

እኔ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። ጋሽዬ፣ ታላቅ ወንድሜን የምጠራው እንደዚያ ነው፣ ከሰው ሲያስተዋውቀኝ፣ «ይሄ ወንድሜ ተኳሽ ነው፤ ግን እስካሁን የገደለው ሸሚዝ ብቻ ነው» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ሱቅ ልከውኝ የምገዛውን መናገር አፍሬ ባዶ እጄን እመለስ ነበር። ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈው መምህሩ ሲጠይቀኝ ተነሥቼ መመለስ ስለማልችል ነው። ጋሽዬ ይናገርልኝ ነበር። ላውንደሪው ያስቀጠረኝም እሱ ነው። አለቃዬን፣ «እሱ ይሠራል፣ እኔ አወራለሁ፤ ደመወዙ ግን የአንድ ሰው ነው» ብሎ አሳቀውና ሥራው ተገኘ። ድምፄ ስለማይሰማ ሹክሹክታ የሚል ስም አወጣልኝ። ከእሱ በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ አልነበረም።

ከሞተ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮስኩ ድምፁን በሐሳቤ ፈለግሁት። ቃሎቹ አሉ። ድምፁ ግን ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ደነገጥኩ። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳሁት።

በማግስቱ እትዬ መጣች። እትዬ የሁለታችንም ታላቅ ናት፤ አግብታ ሌላ ሰፈር ትኖራለች፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

«የሰው ሸሚዝ አቃጥለህ ዝም፣ እናትህ ስታናግርህ ዝም» አለችኝ። «እንግዲህ ወይ ትናገራለህ ወይ ታብዳለህ፤ አንዱን ምረጥ።»

ምንም ስላልመለስኩ እሷ መረጠችልኝና ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ወሰደችኝ።

ክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ ቀለም መሸጫ ስላለ ደረጃው ሁልጊዜ አዲስ የተቀባ ቤት ይሸታል። የአማካሪው ክፍል ጠባብ ነው፤ የእሱ ወንበር፣ የእኔ ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ሦስተኛ ወንበር። «ዶክተር» ብዬ ሰላም ስለው፣ «ዶክተር እንኳ አይደለሁም፤ አማካሪ ነኝ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሁለተኛ ስጠራው ግን አላረመኝም። ለስለስ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ መልኩን ማስታወስ ያቅተኛል። ጢም አለው ወይስ የለውም? ቀይ ነው ወይስ ጠይም? ተመልሼ እስካየው ድረስ አላውቅም።

«ያ ወንበር ባዶ ነው» አለኝ ሦስተኛውን እያሳየ። «ወንድምህ እዚያ ተቀምጧል ብለህ አስብና አናግረው። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ የታወቀ ዘዴ ነው። ብዙ ሰው አልቅሶበት ቀልሎት ሄዷል።»

ወንበሩን አየሁት። ወንበር ነው።

«እህ?» አለኝ።

«ያሳፍራል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ከወንበር ጋር ማውራት። ሰው ቢሰማኝስ?»

«ከእኔ በቀር ማን አለ?»

«እርስዎ አሉ እኮ።»

ሳቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ያው ሆነ። እኔ ጉልበቴን አያለሁ፣ እሱ እኔን ያያል፣ ወንበሩ ማንንም አያይም። በመጨረሻ አንድ ቀን ብድግ አለ፣ መጋረጃውን ሳብ አደረገና ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ለዛሬ ብቻ» አለ። «አፍህን እንድትፈታ ያህል። ወንድምህ ሲቀመጥ እንዴት ነበር?»

ይህን አውቃለሁ። ይህን መናገር አያሳፍርም። «ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው» አልኩ። «አሁን ተነሥቶ ሊሄድ እንደሚል ሰው።»

«እንዲህ?»

«አንድ እግሩን ዘርጋ ያደርጋል።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ ወደ ግራ። አዎ።»

«ከመናገሩ በፊት ምን ያደርጋል?»

«ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሁለቴ።»

ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። የመስኮቱ ብርሃን ከኋላው ስለሆነ ፊቱ ጨልሟል። «ሹክሹክታ» አለኝ። «እንዴት ከረምክ?»

ስሙን የነገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ቢሆንም ክው አልኩ። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ስለ ላውንደሪው፣ ስለ እማዬ፣ አልጋው እንደተነጠፈ ስለመቅረቱ፣ ሁሉንም አወራሁት፤ አለቀስኩም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በሩን አንኳኩታ ሰዓቱ ማለፉን ስትነግረን ሁለታችንም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጥን።

እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። በሳምንቱ አለቃዬ ካውያዬን አስቁሞ አፍጥጦ አየኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቅድም ለደንበኛ ደህና ይዋሉ አልክ። እንፋሎቱ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይኸው ደግሞ መለሰልኝ! እንግዲህ ነገ ደመወዝ ጨምር ልትለኝ ነው።»

«ለዛሬ ብቻ» የተባለው ነገር ልማድ ሆነ። ስገባ አማካሪው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የእሱ የሆነ ልብስ አምጣ አለኝ፤ የጋሽዬን ግራጫ ጃኬት አጥቤ፣ ተኩሼ ወሰድኩለት። መጀመሪያ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለው። በሚቀጥለው ጊዜ በረደኝ ብሎ ለበሰው። ጋሽዬ ደረተ ሰፊ፣ ክንደ ረጅም ስለነበር እጅጌው የአማካሪውን ጣቶች እስከ ጫፋቸው ዋጣቸው። ሳቅን። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር እጅጌው እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን የእጅ አንጓው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ሥራዬ ልብስ ነውና ጠርዙን በዓይኔ መረመርኩት፤ አልታጠፈም፣ አልተሰፋም።

ያን ጊዜ ምን ብዬ ልጠይቅ? ጃኬቴን ምን አደረጉት ልበል? ደግሞስ ደስ ብሎኛል። «ጋሽዬ በለኝ» ሲለኝ ጋሽዬ አልኩት፤ እርስዎ ማለቴን ትቼ አንተ አልኩት። አንድ ቀን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ጥያቄ አነሣሁበት።

«ጋሽዬ፣ ስትሞት አመመህ?»

ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቴ። «ኧረ ምን ያመኛል፣ ሹክሹክታ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር እኮ። የነቃሁት እዚህ ነው።»

ማንም ሊያውቀው የማይችለውን ነገር መለሰልኝ። እኔም ተሸክሜው ወደ ቤት ገባሁና ለእማዬ ሰጠኋት።

«እማዬ፣ አላመመውም። ተኝቶ ነበር።»

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ነገረህ?»

«ራሱ» ልል ነበር። ምላሴን ያዝኩና ስለ አማካሪው ነገርኳት። ክሊኒኩ የት እንደሆነ፣ ከሥሩ ምን ሱቅ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ለምን ጠየቅሽኝ አላልኳትም።

ከዚያ ወዲህ አማካሪው እንቅልፍ ወሰደህ ወይ፣ በላህ ወይ ማለቱን ጨርሶ ተወ። የሚጠይቀኝ ስለ ጋሽዬ ብቻ ሆነ። ሲናደድ ምን ይላል? ሲያፏጭ የትኛውን ያፏጫል? እነግረዋለሁ፤ ያደርገዋል። «ሌላስ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ሌላስ?» እንደራበው ሰው ነው፤ ያጎረሱትን ሳይውጥ አፉን ይከፍታል። አልፎ አልፎ ያልነገርኩትንም ያደርግ ነበር፤ በወሬ መሃል ሌባ ጣቱን አፍንጫው ላይ ገፋ ያደርጋል። የራሱ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ ፈገግ አለችና፣ «ያችን የጫማዋን እንዴት ነበር የሚላት?» አለችኝ። ጋሽዬ ጫማ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበር። አንድ ሰውዬ የገዛውን ጫማ መልሶ አምጥቶ፣ ስራመድበት ይጮኻል ብሎ ይቆጣዋል። ጋሽዬም፣ «ጮኸ? እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው!» ይለዋል። እማዬ ወሬውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ መስማት የፈለገችው እሱ እንደሚለው ነው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በሐሳቤ ድምፁን ፈለግሁት። መጣ። ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይሳሳ መጣ። የአማካሪው ድምፅ ነበር።

«ምነው?» አለች እማዬ።

«ረሳሁት» አልኳት።

ከምሳ በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ያለኝን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ልጅ ሆነን በር ሥር ተደብቆ ሲያስደነግጠኝ፣ አማካሪው ነው። አለቃዬን ሲያስቀው፣ አማካሪው ነው። ስታመም አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጫውተኝ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ የሚጠርገው አማካሪው ነው። የነገርኩት ሁሉ ሄዷል። ያልተነካ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ የመጨረሻዋን ጠዋት። ወደ አውቶቡሱ ሊሄድ ሲወጣ በራችን ላይ ዞር ብሎ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚያ ላይ ድምፁ አለ። የራሱ። ትንሽ የሻከረ፣ እንቅልፍ ገና ያልለቀቀው። ሰው እንዳይሰማኝ ትራሴን አቅፌ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከዚያ ደግሞ እንዳላሳሳው ፈርቼ አቆምኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ሄድኩ። ጃኬቱን ተቀብዬ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። መጠበቂያው ላይ ጥቁር የለበሱ እናት ተቀምጠዋል፤ አሁን ከአማካሪው ክፍል መውጣታቸው ነው። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን የሙሽራ ነው።

«ለማን ነው የመጣኸው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ለወንድሜ።»

«እኔ ለባሌ ነው። እግዜር ይስጠው ይሄን ሰውዬ! በየሳምንቱ ያገናኘኛል እኮ።»

«ያገናኝዎታል?»

«ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ ስልህ! መነጽሩን እንዲህ ገፋ ሲያደርግ…» አሉና ሌባ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ገፋ አደረጉ። «አቤት! ቁርጥ እሱን!»

አማካሪው መነጽር አያደርግም። ጋሽዬም አያደርግም ነበር።

«ባልዎ መነጽር ነበራቸው?»

«ያለ መነጽሩማ በር መስሎት ከቁም ሣጥን ጋር ሲታገል ነው የሚገኘው!» ሳቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ ወጣት ነህ ታውቅ ይሆናል። ዛሬ ሹክሹክታ ብሎ ጠራኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ምን ማለቱ ይመስልሃል?»

አጎንብሼ ገባሁ።

አማካሪው ጃኬቱን እንደለበሰ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

«ጃኬቱን ይስጡኝ፤ ልሄድ ነው።»

«ተው እንጂ፣ ሹክሹክታ። ምን ሆነሃል?»

«ዶክተር፣ ከዚያ ይነሡ። ወደ ወንበርዎ ይመለሱ።»

«የትኛው ወንበሬ?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። የእሱ ወንበር የለም። መቼ እንደወጣ አላውቅም፤ የአራት እግሮቹ ምልክት ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ምልክቱም ላይ አቧራ ተኝቷል።

«የመጨረሻዋን ጠዋት አልነገርከኝም» አለኝ። ድምፁ ልመና ነበረበት። «ሁሉ ሰው የመጨረሻ ጠዋት አለው። ከቤት ስወጣ ምን አልኩህ?»

ምን አለህ አላለም፤ ምን አልኩህ አለ። ጃኬቱን ትቼ በሩጫ ወረድኩ።

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስቅ ሰማችኝ፤ እሷን ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ያስፈራል። በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ገባች። ኃላፊዋ ጠጉራቸው የሸበተ አጭር ሴት ናቸው።

«ሐዘኑን እንድታስታግሱለት ነው የሰጠናችሁ» አለች እትዬ። «እናንተ ጭራሽ ሟቹን ወሰዳችሁብን! ይሄ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

ኃላፊዋ አልተቆጡም። «ወንበሩ ላይ ተቀመጠ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔ ስላፈርኩ ነው» አልኩ።

«ማፈር የአንተ መብት ነው። አለመቀመጥ የእሱ ግዴታ ነበር። ብትለምነው እንኳ፣ ብታለቅስበት እንኳ አይቀመጥም።» ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም። «ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲቆይ ነው ሰው የሞተበትን ሰው መሞት ቀስ እያለ የሚቀበለው። አንድ ሰው ከተቀመጠበት… ስንቱን ሟች ወስዶ ይሆን?» አሉ።

አማካሪው በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገደ፤ ክፍሉም ተቆለፈ። ኃላፊዋ ሌላ አማካሪ ሊያገናኙኝ ጠየቁኝ፤ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። ጃኬቱ ክፍሉ ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም።

ነገሩ አለቀ ብዬ ተመልሼ ሥራዬ ላይ ተጎነበስኩ። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረችው ልብስ ተቀባይ ከፊት ለፊት መጥታ፣ «ወንድምህ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሹክሹክታ የለም ወይ አለኝ። እንዲህ የሚባል ሰው የለም ስለው ሄደ።»

«ወንድሙማ ሞቷል፣ አንቺ!» አለ አለቃዬ።

«እንዴ! እንግዲያው ማን ነው? ቁርጥ እሱን ይመስላል እኮ። ጃኬቱ ነው እንጂ ትንሽ ያረጀው።»

አለቃዬ ቀልድ ሳያጣ የሚኖር ሰው ነው። ያን ቀን ግን አየኝና ምንም ሳይል ሄዶ የፊት ለፊቱን በር ዘጋ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ገና ደረጃችን ላይ ሳለሁ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። ጋሽዬ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ያሳቃት ወሬም እየተደገመላት ነበር፤ «ጮኸ? እንኳን ደስ ያለዎት!»

በሩ ገርበብ ብሏል። አማካሪው ጃኬቱን ለብሶ፣ ጋሽዬ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጫፉ ላይ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ። ፊት ለፊቱ ሻይ ቀርቦለታል።

«ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» አለች እማዬ።

እናቴ ዓይኗም ጆሮዋም አእምሮዋም ደህና ነው። የፈራሁትም ለዚህ ነው።

«እማዬ፣ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ጋሽዬ አይደለም።»

«ልጄን የቀበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? አውቃለሁ አልኩህ።» ዳቦውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «አንተ ነህ አላመመውም ብለህ የነገርከኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብዬ ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው… ተወው፣ ቁጭ ይበል። ምን ይጎዳናል?»

«መቼ ነው የሄድሽው? ስንት ጊዜ መጣ?»

ዳቦውን ሳህን ላይ አስቀመጠች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ያሳደገችን ሴት ናት።

«ክፍሌን ቆለፉብኝ» አለ አማካሪው። በራሱ ድምፅ ሊናገር የሞከረ መሰለኝ፤ ነገር ግን የራሱን ሊያገኘው አልቻለም። አንዱ ቃል የሽማግሌ ነው፣ አንዱ የጋሽዬ፣ አንዱ ደግሞ የሕፃን። «ቤቴ ስገባ ማንም የለም። እኔም የለሁም። እዚህ ግን እኖራለሁ፤ እዚህ ሻይ ይቀርብልኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለኝ፣ ሹክሹክታ። ያችን ጠዋት ከነገርከኝ ሙሉ እሆናለሁ። ለእናትህም ሙሉ ልጅ እሆንላታለሁ። በሩ ላይ ምን አልኩህ?»

እማዬ ቀና አለች። «በሩ ላይ? ምን አለህ? ለእኔ ሳትነግረኝ?»

ሁለቱም አዩኝ። እናቴ እንዲያ ለምና አይታኝ አታውቅም። አፌን ብከፍት የምትፈልገውን ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጋሽዬ በዚህ ዓለም ላይ የሚናገርበት ቦታ አይኖረውም። በሆዴ ውስጥ የሻከረውን ድምፁን ሰማሁት። አሁንም እዚያው በሩ ላይ ነው።

«እርስዎ አላሉኝም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። «ያለኝ እሱ ነው። ያለውም ለእኔ ነው። እርስዎ እዚያ አልነበሩም። ይነሡና ጃኬቱን ያውልቁ።»

«ሹክሹክታ…»

«እንደሱ ብለው አይጥሩኝ! ስም አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ነግሬዎታለሁ።»

አፉን ከፈተ። ስሜን ፈለገው፤ አላገኘውም። ሌባ ጣቱ ወደ አፍንጫው ሄደ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቴ፣ ደግሞ ሁለቴ፣ ከዚያ ማቆም አቃተው። እያነቀው ተነሣ። ጃኬቱን ሲያወልቅ ክንዶቹ እጅጌው ውስጥ ጠፍተው በልብሱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ልብሱን እጄ ላይ ጣለው፤ ሙቀት አልነበረውም። ፊቱን አየሁት። እዚያው ፊት ለፊቴ ቆሞ መልኩን መያዝ አቃተኝ፤ ዓይኔ እርጥብ መስታወት ላይ እንዳለች ዝንብ ይንሸራተታል። እማዬም አየችው፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ከቤት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እርምጃውን አዳመጥኩ። መጀመሪያ የጋሽዬ ነበር። ከዚያ እግሩን የሚጎትት የሽማግሌ ሆነ። ከዚያ የማንም አልነበረም፤ ግን መውረዱን አላቆመም።

ሻዩ ቀዘቀዘ። እማዬ ብርጭቆውን አላነሣችውም። አሳዘነችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አንቺማ እናቱ ነሽ። ልንገርሽ። በሩ ላይ ያለኝን…»

እጇን አፌ ላይ ጫነች።

«አትንገረኝ።»

«ለምን?»

«ተመልሶ ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አለች። «ራሴን አውቃለሁ፤ አላስችል ብሎኝ እሰጠዋለሁ። እኔ የነበረኝን ሁሉ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ ልጄን አሁን ሳስበው የማየው ያን ፊት የሌለውን ሰውዬ ነው። የቀረው አንተ ዘንድ ነው። ያዘው። ከእኔም ቢሆን ያዘው።»

ተነሥቼ በሩን ቆለፍኩ። ስዞር እማዬ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ቁልፉን የት እንደምታኖረው አትንገረኝ» አለችኝ።